ገበያው ሲወርድ ሸጥኩ፤ የቀረውን ቁጠባዬን የት ላድርገው?

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦

54 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ በአንድ ሆስፒታል የነርስ ረዳት ነኝ። ከደመወዜ እየተቆረጠ የሚገባው የጡረታ ቁጠባዬ፣ 401ኬ የሚሉት፣ በፌብሩዋሪ 2025 ወደ 92 ሺህ ዶላር ደርሶ ነበር። ሙሉው የአምስት መቶ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን በሚይዝ፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ፈንድ በሚባል ፈንድ ውስጥ ነበር። ኤፕሪል 7 ቀን በምሳ እረፍቴ ስልኬን ስከፍት 76 ሺህ ሆኖ አገኘሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሁሉንም ሸጥኩና እዚያው ዕቅድ ውስጥ ወዳለ መኒ ማርኬት፣ አክሲዮን ወደሌለበት ወለድ ብቻ ወደሚከፍል ፈንድ፣ አዛወርኩት። ገበያው ተመልሶ ወጣ፤ የእኔ ገንዘብ ግን እዚያው ቀረ።

ባለቤቴ የታክሲ ሾፌር ነው። «ቁማር ነው ብዬሽ አልነበረም?» ይለኛል። እሱ ያጠራቀመው 38 ሺህ ዶላር በአንድ ትልቅ ባንክ ተቀምጧል፤ በመጪው ዓመት ኮሌጅ የምትገባው ልጃችን ክፍያ የሚወጣው ከዚያ ነው። አሁን የማስበው 401ኬውን ጠቅልዬ አውጥቼ፣ ከ38 ሺው ጋር ደምሬ፣ ወይ ሆስፒታላችን ያለው ክሬዲት ዩኒየን ወይ ሰፈራችን ያለ አንድ ትንሽ ባንክ ላስቀምጠው ነው። ባለቤቴ ግን ትንንሾቹን አያምንም። ኒው ዮርክ ታክሲ ይነዳ የነበረ ጓደኛው የተበደረበት ክሬዲት ዩኒየን ተዘግቷል፤ ሲሊከን ቫሊ የተባለውም ባንክ ሲወድቅ በዜና አይተናል። ለመሆኑ ገንዘብ አስቀምጦ በሰላም የሚታደርበት ቦታ አለ?

ሌላም ነገር አለ፤ በወር 500 ዶላር የምጥልበት እቁብ ገብቻለሁ፤ ዕጣዬ ገና አልወጣም። ልተወው?

ተ.

ወይዘሮ ተ.፣

ከሁሉ በፊት 401ኬውን አያውጡት። ሌላው ጥያቄዎ ሳምንትም ወርም ሊቆይ ይችላል፤ ይህኛው ግን አንዴ ፎርሙ ከተሞላ በኋላ ለማስተካከል ያስቸግራል። 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላዎት ካወጡት፣ የወጣው ገንዘብ በሙሉ የዚያ ዓመት ገቢ ተብሎ የፌዴራል ግብር ይታሰብበታል። በላዩ ላይ 10 በመቶ ቅጣት አለ። ሜሪላንድም የራሷን ትወስዳለች፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲም 3.2 በመቶዋን አትተውም። መጠኑ እንደ ሁለታችሁ ገቢ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ፣ ከ76 ሺው ሲሶው መንገድ ላይ ይቀራል ብለው ቢገምቱ ከእውነቱ አይርቁም። ኤፕሪል ላይ ያንቀጠቀጠዎት ኪሳራ 16 ሺህ ነበር። ይህ ወደ 25 ሺህ ይጠጋል፤ ያውም ገበያው ምንም ሳይሆን፣ በገዛ ፊርማዎ። ደግሞም እዚያው ሆስፒታል እየሠሩ ሳለ ብዙ ዕቅዶች ከ59 ዓመት ተኩል በፊት እንዲሁ አያስወጡም፤ የሚፈቅዱት ለከባድ ችግር ወይም በብድር መልክ ነው።

የልጅዎም ነገር አለ። ለኮሌጅ ድጎማ የሚሞላው ፋፍሳ የወላጆችን የጡረታ ሒሳብ አይጠይቅም። ገንዘቡ 401ኬ ውስጥ እስካለ ድረስ ድጎማውን ለሚያሰላው ሰው እንደሌለ ነው። ሲወጣ ግን በግብር ወረቀታችሁ ላይ ገቢ ሆኖ ይሰፍራል። ፋፍሳ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ገቢ ስለሆነ ጉዳቱ ዘግይቶ፣ ልጅቱ ትምህርቷን ካጋመሰች በኋላ ሊደርስባት ይችላል። ያኔ ደግሞ ከምን እንደመጣ እንኳን አታስታውሱትም።

አሁን ወደ ኤፕሪል እንመለስ። ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኤፕሪል 2 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከሞላ ጎደል ከሁሉም አገሮች በሚገቡ ሸቀጦች ላይ አዲስ ቀረጥ አወጁ። በተከታዮቹ ሁለት ቀናት ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከ10 በመቶ በላይ ወረደ። በሁለቱ ቀናት የተቃጠለ ፋብሪካ የለም፤ ሠራተኛም ሥራውን አልተወም። የተለወጠው ሰዎች ስለሚመጡት ዓመታት ትርፍ የነበራቸው ግምት ነው። የአክሲዮን ዋጋ ማለት ወደፊት ይገኛል ለሚባል ትርፍ ዛሬ የሚከፈል ገንዘብ ነውና፣ የወደፊቱ ሲያሰጋ ዋጋው በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ስጋቱ ሲቀልም በዚያው ፍጥነት ይወጣል። ኤፕሪል 9 ቀን የቀረጡ አብዛኛው ክፍል ለ90 ቀናት እንዲቆይ ሲባል ገበያው በአንድ ቀን 9.5 በመቶ ዘለለ፤ እርስዎ በሸጡ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። ጁን 27 ቀን ደግሞ ከፌብሩዋሪው ከፍታ አልፎ ዘጋ።

ይህን የምጽፈው ቁስልዎን ለመነካካት አይደለም። የባለቤትዎን የቁማር ነገር ለመመለስ ግን ያስፈልገኛል። የ2025ን የመጀመሪያና የሁለተኛ ሩብ ዓመት የሒሳብ መግለጫዎች አውጥተው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የፈንዱ ስም ካለበት መስመር ላይ ሁለት ቁጥሮች ያገኛሉ፤ አንደኛው ያለዎት ድርሻ ብዛት ነው፣ ሌላኛው የአንዱ ድርሻ ዋጋ። ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል 7 የወረደው ዋጋው ብቻ ነበር። የድርሻው ብዛት አልቀነሰም፤ እንዲያውም በየደመወዙ ከሚቆረጠው ጥቂት ጥቂት ይጨመርበት ነበር፣ በወረደበት ሳምንት ደግሞ በዚያው ገንዘብ ከወትሮው የበለጠ ይገዛ ነበር። ቁጥሩ ዜሮ የሆነው እርስዎ ሲሸጡት ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በእጅዎ የነበረው፣ በርካሽ የሚተመን ቢሆንም፣ የአምስት መቶ ትልልቅ ኩባንያዎች ድርሻ ነበር። ቁማር የተሸነፈ ሰው እጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቀርም።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ «ገበያ ሁልጊዜ ይመለሳል፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው» የሚሉትንም ሰዎች እንዳላመሰግን ይፍቀዱልኝ። ከዩቲዩብ እስከ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሁሉም ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዟታል፤ እውነትነቷ ግን ግማሽ ነው። ዳው ጆንስ የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በሴፕቴምበር 1929 የደረሰበትን ከፍታ መልሶ ያየው በኖቬምበር 1954 ነው፤ በመሐሉ 89 በመቶ ወርዷል። የትርፍ ድርሻው ሲታሰብበት የጥበቃው ዘመን ያጥራል፤ በ1932 ጡረታ ለወጣ ሰው ግን ይህ ምን ያደርግለታል? የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት መለኪያ ናስዳክ በማርች 2000 የነበረበት ቦታ ለመድረስ 15 ዓመት ፈጀበት። የጃፓኑ ኒኬይ በዲሴምበር 1989 መጨረሻ የነካውን ጣሪያ ያለፈው በፌብሩዋሪ 2024 ነው፤ ያኔ 30 ዓመቱ የነበረ ጃፓናዊ በዚህ ቀን 64 ሞልቶታል። በሌላው ወገን በ2020 ኮቪድ ሲገባ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአንድ ወር ገደማ ውስጥ 34 በመቶ ወርዶ ኦገስት ላይ ተመልሷል። ከ2007 እስከ ማርች 2009 ባለው ጊዜ ደግሞ 57 በመቶ ወርዶ የተመለሰው በ2013 ነው። ስድስት ወር፣ አምስት ዓመት ተኩል፣ ሠላሳ አራት ዓመት። መውረዱ የሚጠበቅ ነው፤ የመመለሻውን ቀን ግን ማንም አይነግርዎትም።

ስለዚህ ገንዘብዎን በፍርሃትዎ መጠን ከመደልደል ይልቅ በሚፈለግበት ቀን ይደልድሉት። የልጅዎ ክፍያ በመጪው ኦገስት ይፈለጋል፤ ከዚህ ላይ አንድ ዶላር እንኳን አክሲዮን አይነካም። ቤተሰቡ ሥራ ቢፈታ የሚበላው ነገ ሊፈለግ ይችላል፤ እሱም እንደዚያው። የጡረታዎ ገንዘብ ግን ሌላ ነው። በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው ሙሉው ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የመንግሥቱ ጡረታ፣ የሚከፈለው በ67 ዓመቱ ነው፤ ለእርስዎ 13 ዓመት ቀርቶታል። ያኔም ሁሉም በአንድ ቀን አይወጣም፤ የመጨረሻውን ዶላር የሚያወጡት ዕድሜ ከሰጠዎት በ85 ወይም በ90 ዓመትዎ ነው። ሠላሳ ዓመት የሚቀመጥ ገንዘብ በቁጠባ ወለድ ብቻ ከተያዘ የሚበላው የዋጋ ንረት ነው።

እንግዲህ ይመለሱ እልዎታለሁ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ልብዎ እሺ እንደማይል አውቃለሁ። በዚህ ላይ የነበሩበት ቦታ እንዲመለሱ አልመክርዎትም። 17 በመቶ ሲወርድ በምሳ እረፍት ሁሉንም የሚያሸጥ ከሆነ፣ መቶ በመቶ አክሲዮን ለእርስዎ ከመጀመሪያውም የበዛ ነበር፤ የ2008ቱን ዓይነት መውረድ በዚያ መልክ ሊቋቋሙት አይችሉም። በአብዛኞቹ ዕቅዶች ውስጥ የጡረታ ዓመት በስሙ ላይ የተጻፈበት ፈንድ አለ፤ የእርስዎ 2040 ወይም 2035 ይሆናል። አክሲዮንና ቦንድ (ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ በወለድ የሚሰጥ ብድር) ቀላቅሎ ይይዛል፣ ዓመቱ ሲቃረብ አክሲዮኑን በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። 2035 የሚለው ከ2040 ይልቅ ጠንቀቅ ያለ ነው፤ እኔ ለእርስዎ እሱን እመርጣለሁ። ዓመታዊ የፈንዱን ወጪ ይመልከቱ፤ ከግማሽ በመቶ ካለፈ ዕቅዱን የሚያስተዳድሩትን «ያነሰ የሚያስከፍል የለም ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ሁሉንም በአንድ ቀን ማስገባት በስሌት ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ገበያ ከሚወርድባቸው ዓመታት የሚወጣባቸው ይበዛሉና። እርስዎ ግን ባስገቡ በሳምንቱ ቢወርድ ዳግመኛ ይሸጣሉ ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ ስድስት ቦታ ይክፈሉትና በየወሩ የመጀመሪያው የደመወዝ ቀን ላይ አንዱን ክፍል ያዛውሩ። ቀኖቹን ዛሬ ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ላይ ይጻፏቸው። ቀኑ ሲደርስ ዜና አይክፈቱ። ይህ ሁሉ እዚያው ዕቅድ ውስጥ የሚደረግ ዝውውር ስለሆነ ግብርም ቅጣትም የለበትም።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። በሒሳብዎ ገጽ ላይ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ይገኛሉ፤ አንደኛው ያለውን ገንዘብ ማዛወሪያ ነው፤ ሌላኛው ወደፊት ከደመወዝ የሚቆረጠው የት እንደሚገባ የሚወስነው ነው። አንዱን መቀየር ሁለተኛውን አይቀይረውም። ኤፕሪል ላይ የነኩት የትኛውን እንደሆነ ይመልከቱ። ያለውን ብቻ አዛውረው ከነበረ፣ ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ የገባው ገንዘብ ሳያውቁት ኢንዴክስ ፈንዱን ሲገዛ ቆይቷል፤ ጥሩ ዜና ነው። ሁለቱንም ቀይረው ከሆነ ወይም በንዴት መቆረጡን ራሱ አስቁመው ከሆነ ግን ነገ ጠዋት ያስተካክሉት። ሆስፒታሉ በሚያዋጡት ልክ የሚጨምርልዎት ካለ፣ እሱን መተው ደመወዝን እንደ መመለስ ነው።

አሁን ወደ 38 ሺው። ባለቤትዎ ቁማር አልወድም ብለው ያስቀመጡበት ባንክ ስንት ወለድ እንደሚከፍላቸው በትሕትና ይጠይቁልኝ። በአሜሪካ በጣም ትልልቆቹ ባንኮች በተራ የቁጠባ ሒሳብ ላይ በዓመት 0.01 በመቶ መክፈላቸው የተለመደ ነው። በ38 ሺህ ዶላር ላይ ይህ ሦስት ዶላር ከሰማንያ ሳንቲም ነው፤ አንድ ማኪያቶ አይገዛም። እስከ ጁን 2022 በነበሩት 12 ወራት የዋጋ ንረቱ 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት 38 ሺህ ዶላር እንዲህ ባለ ሒሳብ ያስቀመጠ ሰው ከመግዛት አቅሙ ላይ ከ3 ሺህ ዶላር በላይ አጥቷል፤ ግን ስልኩ ላይ ቀይ ቁጥር ስላልታየው አልደነገጠም። እንግዲህ በእናንተ ቤት የከሰሩት እርስዎ ብቻ አይደሉም።

ክሬዲት ዩኒየን እኛ አገር ቤት የቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር የምንለው ነው። የውጭ ባለአክሲዮን የለውም፤ ባለቤቶቹ እዚያ የሚቆጥቡት ሰዎች ናቸው። አምስት ዶላር ያለውም ሁለት መቶ ሺህ ያለውም እኩል አንድ ድምፅ አለው። ለባለአክሲዮን የሚያካፍለው ትርፍና የፌዴራል የገቢ ግብር ስለሌለበት፣ የተረፈው ብዙ ጊዜ ሻል ባለ የቁጠባ ወለድና ቀነስ ባለ የብድር ወለድ ለአባላቱ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ነው ያልኩት፣ ሁልጊዜ አይደለምና ወለዱን ጠይቀው ያወዳድሩ። የፌዴራል ፈቃድ ያላቸው ደግሞ ከጥቂት ልዩ ብድሮች በቀር በዓመት ከ18 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይጠይቁ ተገድበዋል፤ ክሬዲት ካርዳቸውም ጭምር። ለመግባት የሚያገናኝ ነገር ያስፈልጋል፣ መሥሪያ ቤት ወይም ሰፈር ወይም ማኅበር። እርስዎ በሆስፒታሉ ይገባሉ፤ ባለቤትዎና ልጅዎ በቤተሰብነት አብዛኛውን ጊዜ ይከተላሉ። ዓመታዊ ስብሰባም አላቸው፣ ቦርድ ይመረጣል። የእድር ስብሰባ ቀረን ተብለን ቅጣት የምንከፍል ሰዎች የራሳችን በሆነ የገንዘብ ተቋም ላይ ድምፅ ለመስጠት ግን አንድም ቀን አንሄድም።

የሰፈሩ ትንሽ ባንክ ባለአክሲዮኖች አሉት፣ ማትረፍም አለበት። ጥሩ ጎኑ ለአነስተኛ ንግድ ብድር የሚወስነው ሰው እዚያው ተቀምጦ መገኘቱ ነው። ባለቤትዎ አንድ ቀን ሁለት ሦስት መኪና ገዝቼ ላሠራ ካሉ የሚሄዱበት በር ይህ ነው። ለተራ ቁጠባ ግን ከክሬዲት ዩኒየኑ ጋር በወለዱና በቅርንጫፉ ቅርበት ያወዳድሩት፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ይታመናሉ ወይ ላሉት፦ ለሁለቱም የመንግሥት መድን አለ። ባንኮችን የሚሸፍነው ኤፍ ዲ አይ ሲ በ1933፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መሐል የተቋቋመ ነው። ክሬዲት ዩኒየኖችን የሚሸፍነው ኤን ሲ ዩ ኤ የሚያስተዳድረው ፈንድ በ1970 መጣ። ሁለቱም በአንድ ተቋም ውስጥ ለአንድ ሰው፣ በአንድ የሒሳብ ዓይነት፣ እስከ 250 ሺህ ዶላር ይሸፍናሉ፤ የጋራ ሒሳብ ከሆነ ለእያንዳንዳችሁ 250 ሺህ። ተቋሙ ትልቅ ይሁን ትንሽ መድኑ አንድ ነው። ኤፍ ዲ አይ ሲ ከተመሠረተ ወዲህ መድን ካለው ተቀማጩ ላይ አንድ ሳንቲም የጠፋበት ሰው የለም። የእናንተ 38 ሺህ ከጣሪያው በብዙ ይርቃል።

ሲሊከን ቫሊ ባንክ ማርች 10 ቀን 2023 ተዘጋ። የወለድ መጠን በፍጥነት ሲጨምር የያዛቸው የረዥም ጊዜ ቦንዶች ዋጋ ወርዶበት ነበር። ደንበኞቹ በብዛት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ስለነበሩና አብዛኛው ተቀማጭ ከ250 ሺህ ጣሪያ በላይ ስለነበር ወሬው እንደተሰማ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ወጣ። መንግሥት በልዩ ውሳኔ ተቀማጩን ሁሉ፣ መድን የሌለውንም ጭምር፣ አዳነ። የባንኩን አክሲዮን የገዙት ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አንድ ባንክ፣ አንድ ቀን፤ በአንዱ መስኮት ያስቀመጠ ሙሉ ገንዘቡን አገኘ፣ ድርሻ የገዛ ሁሉንም አጣ። በተቀማጭና በአክሲዮን መካከል ያለውን ልዩነት ለባለቤትዎ ሲያስረዱ ከዚህ ይጀምሩ።

የታክሲው ነገር ይበልጥ ያሳዝናል። ኒው ዮርክ ውስጥ ቢጫ ታክሲ ለመንዳት የሚያስፈልገው ፈቃድ፣ ሜዳሊያን የሚባለው፣ በ2014 ገደማ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ገዢዎቹ በአብዛኛው ስደተኛ ሾፌሮች ነበሩ፤ የሚያበድሯቸው ደግሞ ሥራቸውን በሜዳሊያን ብድር ላይ ያቆሙ ጥቂት ክሬዲት ዩኒየኖች። ኡበርና ሊፍት ሲመጡ ዋጋው ተንኮታኮተ። ከአበዳሪዎቹ ትልቁ፣ በኩዊንስ የነበረው ሜልሮዝ፣ በ2017 በኤን ሲ ዩ ኤ እጅ ገባ፣ በ2018 ተዘጋ። የቆጣቢዎቹ ሒሳብ ግን ወደ ሌላ ክሬዲት ዩኒየን ተላለፈ፤ መድን ያለው ገንዘብ አልጠፋም። የተጎዳው ተበዳሪው ነው፤ ተቋሙ ከተዘጋ በኋላም ዕዳው ተከተለው። የባለቤትዎ ጓደኛ የደረሰባቸው ይህ ከሆነ ሐዘናቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያደቀቃቸው ዋጋው እንደማይወርድ ተነግሯቸው በአንድ ንብረት ላይ የተበደሩት ብድር እንጂ የተቋሙ ትንሽነት አልነበረም።

ሊጠነቀቁበት የሚገባውን ከፈለጉ ራቅ ሳይሉ እዚያው ሜሪላንድ ያገኙታል። በሜይ 1985 ኦልድ ኮርት የተባለ የባልቲሞር የቁጠባና ብድር ተቋም ሲናጋ ሰዎች በየደጁ ተሰለፉ፤ ድንጋጤው ወደ ሌሎችም ተዛመተ። ተቀማጩ መድን አለው ይባል ነበር፤ መድኑ ግን የፌዴራል መንግሥት አልነበረም፣ ተቋሞቹ ራሳቸው ያቋቋሙት የግል ፈንድ ነበር። ገዥው ሃሪ ሂውዝ ከአንድ ሒሳብ በወር ከ1 ሺህ ዶላር በላይ እንዳይወጣ አገዱ። የኦልድ ኮርት ቆጣቢዎች ገንዘባቸው ተሟልቶ እስኪመለስላቸው ዓመታት ጠበቁ። በሮድ አይላንድም የግል መድን ፈንዱ ከስሮ ጃንዋሪ 1 ቀን 1991 አዲሱ ገዥ ሥራ በጀመሩበት ዕለት 45 ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች ተዘጉ። ዛሬም በጥቂት ግዛቶች የግል መድን የያዙ ክሬዲት ዩኒየኖች አሉ። ስለዚህ ሆስፒታላችሁ ውስጥ ያለው መስኮት ላይ ኤን ሲ ዩ ኤ የሚል ምልክት መኖሩን ይዩ፤ ከዚያም ስሙን በኤን ሲ ዩ ኤ ድረ ገጽ ፈልገው ያረጋግጡ። ምልክቱ ኖሮ ስሙ ከሌለ ይውጡ።

እግረ መንገዴን፦ በባንክም በክሬዲት ዩኒየንም አዳራሽ ጥግ ላይ ለብቻው ጠረጴዛ ይዞ የሚቀመጥ፣ ሚውቹዋል ፈንድና አኑዊቲ (የኢንሹራንስ ኩባንያ የጡረታ ክፍያ ውል) የሚሸጥ ሰው ያገኛሉ። ጣሪያው አንድ ቢሆንም እሱ የሚሸጠውን መድኑ አይሸፍነውም። በአማርኛ እያነጋገረ «የማይወርድ፣ ከገበያ ጋር ብቻ የሚወጣ» የሕይወት ኢንሹራንስ የሚያቀርብልዎ የአገር ልጅም ይመጣ ይሆናል፤ አሁን ባሉበት ስሜት በቀላሉ ይፈርማሉ። ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና በአምስተኛው ዓመት ልተው ብል ስንት ይመለስልኛል ብለው ይጠይቁት። ወዲያው ወሬ ከቀየረ መልሱን አግኝተዋል።

38 ሺውን እንዲህ ይክፈሉት። የልጅዎን የመጀመሪያ ዓመት ክፍያ ከዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ክፍል አስልተው፣ ያንን ያህል ሲዲ በሚባለው የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ያስቀምጡ፤ ማብቂያው ጁላይ ላይ እንዲሆን። ከጊዜው በፊት ማውጣት ያስቀጣልና ቀኑን አጥብቀው ይምረጡ። የቀረው በተራ ቁጠባ ይሁን፤ ባለቤትዎ መኪናቸው ቢቆም የሚኖሩበት እሱ ነው። የትልቁን ባንክ ሒሳብ ወዲያው አይዝጉት፤ የቤት ኪራይ፣ የመብራት፣ የመኪና ኢንሹራንስ ከዚያ የሚቆረጥ ከሆነ መጀመሪያ አንድ በአንድ ያዛውሩ። ክሬዲት ዩኒየኑ ቅርንጫፉ ጥቂት፣ ሰዓቱም አጭር ሊሆን ይችላል፤ ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ትንሽ ሒሳብ ትልቁ ባንክ ውስጥ ቢተዉ ማንም አይቆጣዎትም።

እቁቡን ይጨርሱት። ዕጣዎ ገና ስላልወጣ እስካሁን አበዳሪዋ እርስዎ ነዎት፤ አሁን ቢወጡ የጣሉትን ማስመለስ ከዳኛው ጋር ያነታርክዎታል፣ ከእርስዎ በኋላ የሚጠብቀውም ሰው ይጎዳል። እቁብ ወለድ የለውም፤ መድንም የለውም፤ መድኑ ዳኛው፣ ዋሶቹና ይሉኝታ ናቸው። ዕጣው ሲወጣልዎ በሳምንቱ ክሬዲት ዩኒየኑ ውስጥ ያስገቡት። በሚቀጥለው ዙር ግማሽ ዕጣ ይያዙ፤ የቀረውን 250 ዶላር የሆስፒታሉ ደመወዝ ክፍል በቀጥታ ወደ ቁጠባ ሒሳብዎ እንዲልክልዎ ያድርጉ። ዳኛው ትንሽ ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ግማሽ ዕጣ የሚፈልግ ሰው ግን አያጡም።